ክቡርነታቸውና ፉርጎዎቻቸው

«ገደማ» የሚለውን ቃል መስማት የማይወድ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የኛ ቤት የለም የሚል ካለ ደህና አድርጎ አልፈለገም ማለት ነው። ይህ ሰው ስንት ሰዓት ነው ስትሉት ደቂቃውን አስከትሎ ይነግራችኋል። መንገድ ስትጠይቁት ትንሽ ሄዳችሁ ታጠፉ አይልም፤ ወረቀት ያስመጣና ይሥልላችኋል። ሾርባው ጨው አንሶታል ወይ ብትሉት ከየትኛው ቀን ሾርባ ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ መልሶ ይጠይቃችኋል። አንዳንድ ቤት አጎት ነው፣ አንዳንድ ቤት አማት ናት። እኔ ቤት ባሌ ናቸው።

ባሌን አንቱ ማለቴ አይግረማችሁ። በደህናው ቀን አንተ ነው የምለው። ትዕግሥቴን ሲጨርሰው ግን ማዕረግ እጨምርለታለሁ፤ በዚህ የተነሳ ከትዳራችን ዘመን የሚበዛውን ክቡርነታቸው እየተባሉ ነው የኖሩት።

ክቡርነታቸው በሙያቸው መነጽር ሠሪ ናቸው። መሀል ከተማ፣ ከአንድ ጫማ ቤትና ከአንድ ፎቶ ቤት መካከል ተጣብቃ የቆመች ሱቅ አለቻቸው። ቀን ቀን ለሰው ዓይን መስታወት ያስተካክላሉ። ከሱቅ ሲመለሱ ደግሞ ኮታቸውን ሳያወልቁ በፊት የልጃችን መኝታ ቤት ወደነበረው ክፍል ይገቡና የድሮ የጭነት ባቡር ፉርጎ ይሠራሉ። ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ የሚያንስ፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ፉርጎ። ከስስ እንጨት፣ ከነሐስ ቆርቆሮና ከፀጉር ከሚቀጥን ሽቦ ነው የሚሠራው። በሩ ይንሸራተታል፣ መንኮራኩሩ ይሽከረከራል፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ምስማሮች በጣት ሲዳሰሱ ይቆረቁራሉ።

አሻንጉሊት የሚለው ቃል በቤታችን ክልክል ነው። የልጃችን ባል ገና እጮኛ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም። ጨዋታ ለመጀመር ብሎ መደርደሪያው ፊት ቆመና አሻንጉሊቶቹ እንደሚያምሩ ተናገረ። ልጄ ዓይኗን ጨፈነች፣ እኔ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ክቡርነታቸው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ወንበር ስበው አስቀመጡትና አጉሊ መነጽር አስይዘው ከዳር ጀመሩለት። እራት ቀርቦ ሲጠሩ ገና የሦስተኛው ፉርጎ መንኮራኩር ላይ ነበሩ። ልጁ ግን ቻለው። ዛሬ ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፉርጎዎቹን ደህንነት ነው፤ የእኛ ተራ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስረዳችሁ፣ አለበለዚያ የሚመጣው አይገባችሁም። ክቡርነታቸው እንዲያው ፉርጎ አይሠሩም። እሳቸው የሚሠሩት አንድን ፉርጎ ነው። ማለትም በሆነ ዘመን፣ በሆነ ሀዲድ ላይ የሄደ፣ ጎኑ ላይ ቁጥር የተጻፈበት፣ ፎቶ የተነሳና የራሱ ጠባሳ ያለው ፉርጎ። በፎቶው ላይ ከበሩ በስተግራ ያለው ሳንቃ ተሰንጥቆ ከሆነ የሳቸውም ሳንቃ ይሰነጠቃል። የሆነ ጫኝ በሩ ላይ በጠመኔ የሞነጫጨረው ነገር ካለ እሳቸውም ይሞነጫጭራሉ። እንግዳ መጥቶ «ይሄ የእህል ፉርጎ ነው አይደል?» ሲላቸው አዎ ብለው አያውቁም። «የትኛው?» ብለው ይጠይቁታል። እንግዳው የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ይነግሩታል፣ ሻዩም ይቀዘቅዛል።

ሌላው አባባላቸው «ልክ ነው ወይስ ይመስላል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ያልተጠየቀ ነገር ቤታችን ውስጥ የለም። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሥዕል ተጠይቋል፣ የመጋረጃው ርዝመት ተጠይቋል፣ ልጃችን ስትወለድ ሐኪሙ የነገረን ክብደት ሳይቀር ተጠይቋል። ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን አንድ ጊዜ መደርደሪያ እንዲሰቅሉለት ጠርቷቸው ነበር። ግድግዳው ራሱ ጠማማ ስለሆነ መጀመሪያ ግድግዳው ይስተካከል ብለውት ተመለሱ። የጎረቤታችን ዕቃ እስከ ዛሬ መሬት ላይ ነው።

የአቧራውን ጉዳይ ላውራችሁ። ሰው ሆኜ፣ የቤት ሴት ሆኜ፣ አንድ ቀን መደርደሪያውን ወለወልኩ። ከፉርጎዎቹ አንዱ በጥቁር አቧራ ተሸፍኖ ነበርና ነፍሴ አዘነችለት፤ በእርጥብ ጨርቅ አጸዳሁት። ለካ ያ አቧራ ክቡርነታቸው ከሰል ፈጭተው፣ በስስ ጨርቅ ነፍተው፣ በብሩሽ ጫፍ ለብዙ ቀን ያለበሱት ኖሯል። ሲመለሱ ፉርጎውን አንስተው አገላብጠው አዩት። «ያ አቧራ እኮ ሥራ ነበር» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት አቧራ መኖሩን ተቀብያለሁ፤ አንዱ የቤቱ ነው፣ አንዱ የፉርጎው። የቤቱን መጥረግ ይፈቀድልኛል። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ስላልቻልኩ ግን ሁለቱንም ተውኳቸው።

የጥፍር ቀለሜም አንድ ሰሞን ጠፍታ ነበር። ቤቱን አገላብጬ ፈልጌ ስሰለች ልጄን ጠረጠርኩ፣ ቀጥዬ የጎረቤቴን ልጅ ጠረጠርኩ። በኋላ ክቡርነታቸው ክፍል ውስጥ አፏ ተከፍቶ፣ ብሩሿ ተላጭቶ አገኘኋት። የአንድ የከብት ፉርጎ ቀለም በትክክል እሷ ናት አሉኝ፤ ሠላሳ ዓይነት ቀለም ደባልቀው ያጡትን እኔ ጥፍር ላይ አገኙት። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን ያንኑ ወር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንዲት ሴት ጥፍሬን አይታ እንዴት ያምራል ስትለኝ፣ ክቡርነታቸው ከጎኔ ሆነው የከብት ፉርጎ ቀለም መሆኑን አስረዷት።

ወደ ሐይቁ የሄድነውን ጉዞ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም። የጋብቻችንን ቀን ልናከብር ሻንጣ አዘጋጅተን አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ ሲጋመስ ክቡርነታቸው በመስኮት አሻግረው ሲያዩ የተተወ ጣቢያ፣ ከጣቢያው ጀርባም ቁጥቋጦ የወረሰው ፉርጎ ታያቸው። ሾፌሩን ለምነው አስወረዱን። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከማላጣት የልብስ መለኪያ ሜትሬ ጋር፣ በአዲሱ ጫማዬ፣ እሾህ ውስጥ ገብቼ አንዱን ጫፍ ያዝኩ። ዝናብ መጣ። «ያዢው፣ እንዳትለቂው» ይሉኛል ከወዲያኛው ጫፍ። ሐይቁን እስከ ዛሬ አላየሁትም። የዚያን ፉርጎ የበር ስፋት ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ እኔ ደግሞ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ሰው ማለት ሁለቱ ትከሻው እኩል ያልሆነ ፍጡር መሆኑን ነው። በሜትር ልክ አድርጌ የቆረጥኩት ቀሚስ ደንበኛዬ ላይ ሲወጣ በአንድ በኩል ይሰቀላል። ስለዚህ በዚያ በኩል ትንሽ አስረዝመዋለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ጠማማ ነው፣ ሰው ላይ ሲወጣ ቀጥ ይላል። በየስፌቱም ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፣ ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ያረግዛል። ክቡርነታቸው ይህን ሲያዩ ያማቸዋል። እኔ የምኖረው ይመስላል በሚባል ሰፈር፣ እሳቸው የሚኖሩት ልክ በሚባል ሰፈር ነው። የምንገናኘው ራት ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ማዕረጉን ላውርደው። ቀጥሎ ለማወራው ነገር ክቡርነት አይመጥንም።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሱቁ ሲወጣ መቼ እንደሚመለስ ጠየቅኩት። «ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ» አለኝ። በሩን ዘግቶ ሄደ። እኔ የያዝኩትን ልብስ አስቀምጬ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ይስቅብኝ ይሆናል፤ ባሌ ታሟል ብዬ የደነገጥኩት በዚያች ቃል ነው። ባሌ እኔ ምጥ ላይ ሆኜ እንኳን ገደማ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ገልጬ ማየት ጀመርኩ። ሻዩን በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። ከሱቅ ሲመለስ ኮቱን አውልቆ ሳሎን ይቀመጥ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስገባ የሙጫው ጠርሙስ አፉ ደርቆ ተጣብቋል፤ ወረንጦው ጠረጴዛው ላይ እንደተጣለ ነው፣ መቼም ዕቃ የማይጥለው ሰውዬ። ስጠይቀው መጀመሪያ ድካም ነው አለ። ሁለተኛ ስጠይቀው ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ንፋስ የነካው ቅጠል ያህል። «ወረንጦው አልታዘዝ አለኝ» አለኝና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አክባሪ ናት፤ ክፉ በሽታ እንዳልሆነ፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ እንደሆነ፣ ሱቁን እስከ መዝጋት እንደማያደርስ በደንብ አስረዳችው። መድኃኒቱን ሲወስድ ትንሽ እንደሚቀንስለትም ነገረችው። እኔ ትንሽ ማለት ስንት ነው ብሎ እስኪጠይቃት ጠበቅኩ። አልጠየቀም። አመስግኗት ተነሳ። በዚያ ቀን ከሁሉ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን መደርደሪያው ላይ አንድ ፉርጎ በጅምር ቀርቶ ነበር። የእህል ፉርጎ ነው፤ በደጉ ጊዜ ብትጠይቁት የትኛው እንደሆነ በነገራችሁ ነበር። ፎቶውን ካገኘ ዓመታት አልፈዋል፣ ቁጥሩን ከስልክ ቁጥራችን ቀድሞ ነው የሚያስታውሰው። የኋላ መሰላሉ፣ የፍሬኑ ዘንግ፣ የጎን ጽሑፉ ሁሉ ከባድ ስለሆነ እጄ ይሠልጥን እያለ ለመጨረሻ ያቆየው ነው። አሁን እንዲያውም ስሙን አያነሳም። አንድ ምሳ ላይ ፉርጎዎቹን በሙሉ ለልጃችን ባል ለመስጠት ማሰቡን ነገረኝ፤ ክፍሉን ለስፌት ብጠቀምበት እንደሚሻል ጨመረበት። ከዚያ እንዲህ አለኝ። «አቧራውንም ጥረጊው። ሁለቱንም።»

ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም እላለሁ። ስንት ዓመት የተጣላሁትን ክፍል ባዶ አድርጎ ሲሰጠኝ እንደማልፈልገው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እዚያ የሰፈረው አቧራ ተጠርጎ ሲያልቅ ባሌም አብሮ የሚጠረግ መሰለኝ።

ሳህኖቹን እንደነበሩ ትቼ ገባሁና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የስፌት መነጽሬን አደረግኩ። ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ዓይን አንተ ሁን» አልኩት። «እጅ እኔ እሆናለሁ።»

«አንቺ ትርፍ ትተዪያለሽ» አለኝ።

«አልተውም።»

ከሳሎን ሌላ ወንበር አመጣ።

ውድ አንባብያን፣ ብዙ አስቸጋሪ ደንበኛ አይቻለሁ። ሙሽሮች አይቻለሁ፣ የሙሽራ እናቶች አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ አሠሪ ግን አይቼ አላውቅም። ወደ ግራ ይለኛል፤ ስንት ስለው የፀጉር ግማሽ ይላል። የማን ፀጉር፣ ያንተ ነው የኔ፣ የኔ ወፍራም ነው ብዬ ብቀልድበት ከልቡ አስቦበት ያንቺ ነው ብሎ መለሰልኝ። ትንፋሼ ሳንቃውን ያርገበግበዋል ብሎ መተንፈስ ከለከለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሥራ ተባረርኩ፣ በሁለተኛውም ተባረርኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ለራት ሳልጠራው ቀርቼ በልመና ተመለስኩ። ልመናው የሱ ነበር።

ቀስ እያልን ግን ተግባባን። ጣቶቼ መርፌ የለመዱ ናቸው፣ ሽቦውም ከክር ብዙ አይለይም፤ የጎኑን ቁጥርም እሱ እያነበበልኝ እኔ ጻፍኩት። እሱ የሚሠራው ነገር እንዲያገኝ ደግሞ ዝገቱን ሰጠሁት። ብሩሽ ይዞ እጁ ሲንቀጠቀጥ ቀለሙ እዚያና እዚህ ይረጫል፤ እንደዚያ የተረጨው ከዚህ በፊት ተጨንቆ ከሠራው ዝገት ሁሉ ይበልጥ ዝገት ሆነ። ራሱም አይቶ ተገረመ። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ በአሥራ አንድ ከሃያ ሦስት እመጣለሁ አለኝ። እኔም ማዕረጋቸውን መለስኩላቸው።

እንግዲህ ጥጋብ ነው መሰል፣ ክቡርነታቸው ሱቅ በዋሉበት ቀን የኋላ መሰላሉን ብቻዬን ጨርሼ ላስደንቃቸው አሰብኩ። አራት ደረጃ ያለው ከሽቦ የተሠራ መሰላል ነው። ሁለቱን ደረጃዎች በትክክል ለክቼ አጣበቅኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እንጨቱ በሙጫው እርጥበት ምክንያት ትንሽ ሆዱን ነፋ አድርጓል፤ በማስመሪያ ልክ ሳደርገው ለዓይኔ ጠማማ ይሆንብኛል። እኔም ሙያዬ የሚያዘኝን አደረግኩ። ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ እንደ ቀሚስ ግርጌ አየሁት፣ በግራ በኩል ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ቀጥ አለልኝ። በዚያ በማይለቀው ሙጫ ለጠፍኩትና አራተኛውን ጨምሬ ሻይ አፈላሁ።

ክቡርነታቸው ክፍሉ ውስጥ ሳይገቡ፣ ከበሩ ላይ ሆነው አዩት። ኮታቸውን እንደለበሱ መጥተው የብረት ማስመሪያውን አስጠጉ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት። ልክ ነው ወይስ ይመስላል እንኳን አላሉኝም። ላንሳው አልኳቸው። ሳንቃው ወረቀት ነው የሚያክለው፣ መሰላሉ ሲነሳ ግድግዳው አብሮ ይመጣል አሉኝ፣ እንደሚያጽናና ሰው በቀስታ። ከዚያ ራት እንድንበላ ጠየቁኝ።

ቢቆጡ ምን ነበረበት። ከሥራ ቢያባርሩኝ ምን ነበረበት። የበላሁት ምን እንደሆነ አላስታውስም። ለሰው በዓይን እያስተካከልኩ መኖሬ ኩራቴ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን ጠላሁት። ያን ሰውዬ በስንት መከራ ወንበሩ ላይ መልሼ፣ እኔው ራሴ በአንድ ሽቦ አስነሳሁት ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ተዘጋ። ክቡርነታቸው ከሱቅ አምሽተው መምጣት ጀመሩ። ቅዳሜ ቦርሳ ይዘው ይወጣሉ፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ይመለሳሉ። የት ነበርክ ስላቸው ሰው ጋ ይላሉ። የትኛው ሰው ብዬ በገዛ ቃላቸው ብይዛቸው አንቺ አታውቂውም ይላሉ። ልጄ ደውላ አባባ ደህና ነው ወይ ስትለኝ ደህና ነው አልኳት፤ ስልኩን ዘግቼ ግን የልብስ ማሽኔ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሸጦት ይሆናል እላለሁ። ሰብሮት ይሆናል እላለሁ። ገብቼ ለማየት ድፍረት አጣሁ።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ባሌ ከክፍሉ ጠራኝ። «ነይ እስቲ፣ ይህን እዪልኝ።»

ፉርጎው ጠረጴዛው ላይ እንደነበረ ነው። ከጎኑ ፍሬም ያለው ፎቶ ተቀምጧል፣ ከሰው ግድግዳ ላይ የወረደ መሆኑ ያስታውቃል። የኳስ ቡድን ነው። ቁምጣ የለበሱ የባቡር ሠራተኞች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የፊተኞቹ ተንበርክከዋል፣ በረኛው ኳሷን አቅፏል። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝና ከበረኛው ራስ በላይ እንዳይ ነገረኝ። ቡድኑ በአንድ ፉርጎ የኋላ ጫፍ ፊት ቆሞ ነው የተነሳው። መሰላሉ ይታያል። ሦስተኛው ደረጃ በግራ በኩል ዝቅ ብሏል።

ያን ሁሉ ቅዳሜ የት እንደዋለ ያን ጊዜ ነገረኝ። የፉርጎን የኋላ መሰላል ፎቶ የሚያነሳ ሰው የለም፤ ሰው የሚያነሳው ሰውን ነው። ስለዚህ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞችን ቤት አንድ በአንድ ሲያንኳኳ፣ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሲያይ፣ አልበማቸውን ሲያገላብጥ፣ ያቀረቡለትን ሻይ ሲጠጣ ከርሟል። ይህኛው ከበረኛው ቤት የተገኘ ነው። በረኛው አሁን የልጅ ልጅ አይቷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ደረጃውን የጠመመው የጭነት ማንሻ መንጠቆ ሲወዛወዝ መትቶት መሆኑን ግን ያስታውሳል። እኔ የሰፋሁትን ጉድ አንድ መንጠቆ ከብዙ ዓመት በፊት ቀድሞኝ ሠርቶታል።

«የትኛው ነው?» አልኩት።

ከአምበሉ ትከሻ በላይ የሚነበበውን ቁጥር አነበበልኝ። «ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ፋቂውና ይህን ጻፊው» አለኝ።

«ያንን ፉርጎ እኮ ስንት ዘመን ጠብቀኸዋል» አልኩት።

«የዚያኛው መሰላል ቀጥ ያለ ነው» አለኝ። «የኛ ይሄ ነው። ያኛውን ቀጥለን እንሠራዋለን።»

የቆየውን ቁጥር በምላጭ ፋቅኩት። አዲሱን ትንፋሼን ይዤ ጻፍኩት፣ እሱም ከጎኔ ትንፋሹን ይዞ። አንድም ጊዜ ወደ ግራ አላለኝም። ስጨርስ ብሩሹን ተቀበለኝና ቁጥሩ ላይ ትንሽ ዝገት ረጨበት፣ ረጅም መንገድ የሄደ ፉርጎ ስለሆነ።

ባለፈው እሑድ ልጄና ባሏ መጡ። ልጁ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ወደ መደርደሪያው ሄደ። መቼም ጥሩ ተማሪ ሆኗል፣ አጉሊ መነጽሩን ያነሳው ራሱ ነው። ሲያይ ቆየና፣ ሰውዬውን ላለማስቀየም እየተጠነቀቀ፣ የኋላ መሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ትንሽ የዘመመ እንደመሰለው ተናገረ። ማድ ቤት ሆኜ ሰማሁት። እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጥኩ።

ባሌ አልተቆጣም። ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ፎቶውን አወጣ። ስለ በረኛው ነገረው፣ ስለ መንጠቆው ነገረው። ይህን ደረጃ ያጣበቀችው አማትህ ናት አለው፤ እኔ ብሆን ቀጥ አደርገውና እሳሳት ነበር አለው። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር፣ ማስቆሚያ የሌለው። ልጄ ወደ ማድ ቤቱ መጥታ ሳቅሽ ወይስ አለቀስሽ አለችኝ፣ የቱ እንደሆነ እኔም አላወቅኩም።

ስህተቴን ይቅር ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እናቴ ይቅር ብላኛለች፣ ደንበኞቼ ይቅር ብለውኛል፣ ልጄም ሆዷ ሰፊ ነው። ስህተቴ ልክ የሚሆንበትን ቦታ ፍለጋ በሰው ደጅ ሲንከራተት የከረመልኝ ግን ይህ አንድ ሰው ነው።